የዘይት ቆርቆሮ ማሲንቆ

ዘፋኝን በአካል ሳያይ ያረጀ ሙዚቃ ወዳድ በማሻ ብዙ ነው። ለማማረር አይደለም የምናገረው፤ አገሩ እንዲህ ነበር። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናቡ ወር የማይመርጥ፣ መንገዱ ክረምት ከበጋ ጭቃ። ከጎሬ የሚመጣው የጭነት መኪና ጨውና ሳሙና ይጭን እንደሁ እንጂ ባንድ አይጭንም። ብዙነሽ በቀለ የትኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ እንደምትስብ የሚነግርህ ሰው፣ እሷን ያያት በሸክላና በካሴት ልባስ ላይ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ጥቂት እሻላለሁ። መምህርነት ኪሴን ባይሞላውም በክረምት ኮርስ ሰበብ አዲስ አበባ ስላደረሰኝ፣ ያን ድምፅ ከነላቡ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የሰፈራችን ወጣቶች «ላይቭ» የሚሉትን ነገር ሲያነሡ ዝም ማለት አልችልም። ስለ አሜሪካ ሲያወሩም እንዲሁ። ሁለቱ ነገሮች በኔ ዕድሜ ተለያይተው አያውቁም።

በአካል ያየሁት የመጀመሪያው ባለ ሙዚቃ ራሱ አሜሪካዊ ነበር። በስልሳዎቹ ጎሬ ስማር ነው። ፒስ ኮር የምንላቸው አስተማሪዎች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበትነው ነበርና ለኛም አንድ ደረሰን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ይዞ ይመጣና እንግሊዝኛ በዘፈን ያስተምረናል። ድምፁ ይህን ያህል አልነበረም። ነገር ግን መሐል ላይ ያቆምና አንዱን ተማሪ በጣቱ እየጠቆመ «ቀጥል» ይለዋል፤ ልጁ የመጣለትን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲወረውር፣ እሱን ዜማው ውስጥ ከትቶ ይዘፍነዋል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ከዚያ በፊት ዘፈን ማለት ከሬድዮ የሚወጣ፣ አንተ ኖርክ አልኖርክ የሚቀጥል ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ ከሬድዮ የሰማውን ይዞ «ፕሬዚዳንታችሁ ሌባ ነው ይባላል» አለው። አልተቆጣም። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሣለና ኮንግረስ፣ ፍርድ ቤት፣ ፕሬዚዳንት ብሎ ጻፈባቸው፤ ከዚያ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ቴፕ መሆኑን ነገረን። ኒክሰን ቢሮው ውስጥ የሚነገረውን በገዛ ማሽኑ ሲያስቀዳ ኖሮ፣ ያው ማሽን ሊመሰክርበት ነው። ጎሬ ላይ ቴፕ ማለት ጠጅ ቤት የሚዘፍን ዕቃ ነበር። የአገር መሪ ከወንበሩ ሊያወርድ ይችላል ብሎ ያሰበ ከመሐላችን አልነበረም። ኒክሰን ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ለቀቀ። ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የኛ ንጉሠ ነገሥት በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በዋዜማው ምሽት ደርግ በቴሌቪዥን ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም ነበር። እኛ ጎሬ ላይ ቴሌቪዥን አልነበረንም። ወሎን ያየሁት ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ራሱ ወደኛ ሲመጣ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አሜሪካ ሄደች። ካርተር ስለ ሰብአዊ መብት እያነሣ የጦር መሣሪያ ሲከለክል፣ ደርግ ሚያዝያ 1969 ላይ አስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያና የአሜሪካን የማስታወቂያ ቢሮዎች ዘጋ። የጊታሩ መምህር ቀድሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። እኔም ኮርሴን ጨርሼ ማሻ ተመደብኩ፤ ያኔ ማሻ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር የሞቻ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። አሜሪካ ለኛ ድምፅ ብቻ ሆና ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን ሲጀምር፣ የመምህራን መኖሪያው ውስጥ አንድ ናሽናል ሬድዮ ነበረን። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ሌላው አገር ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ማሻ ላይ ፀሐይን አምኖ የሚያሰጣ የለምና እኛ ምድጃ ዳር እናሞቀው ነበር። ማታ በሩን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ጆሯችንን ሬድዮው ላይ እንለጥፋለን። ዝናቡ ጥሩ ዘበኛችን ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቀበሌ ጥበቃ በደጅ ቢያልፍ እንኳ ምንም አይሰማም። ችግሩ እኛም አንሰማም።

የሬገንንና የሞንዴልን ምርጫ እንደዚያ ነው የተከታተልነው። ሬገን ከሃምሳው ግዛት 49ኙን ወሰደ ሲባል፣ የሂሳብ አስተማሪው ጓደኛችን «ሃምሳውንም ቢወስድ ኖሮ ምርጫ ነው ብዬ አላምንም ነበር» አለ። ሳቃችንን በትራስ አፈንን። ዛሬ ይህን ለወጣቶች ስነግራቸው ቀልዱ አይገባቸውም፤ መቶ ከመቶ ማለት ለኛ ምን እንደነበረ ማስረዳት ይጠይቃል።

የኪነት ቡድኑንም ሳላነሣ አላልፍም፤ ሰው ሲያንቋሽሸው ደስ አይለኝምና። በየቀበሌው፣ በየአውራጃው ቡድን ነበር። ዘፈኑ ምርት፣ አብዮትና ጓድ ሊቀመንበር ነው፤ እሱን እርሳው። ግን ማሻ ላይ ጄኔሬተር ተቀስቅሶ፣ አምፕሊፋየር ተሰክቶ፣ የሰፈራችን ልጅ ከበሮ ሲመታ በዓይናችን ያየነው በኪነት ነው። መፈክሩ ሲያልቅ የአገሬው የሸካ ዘፈን ይገባል፤ አዛውንቶቹ ከተቀመጡበት ይነሣሉ፤ የፖለቲካ ኃላፊውም ሳይወድ እግሩን ያነቃንቃል። መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር በድግስ ሰንብተን፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የኮረም ወሬ በሬድዮ መጣ።

ሰፋሪዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው እየጫነ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዘዋወረ፤ ብዙው ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ገባ። በኛ በኩል የነበረው ስግሰጋ ይባላል፤ በየገበሬ ማኅበሩ መሐል ጥቂት ጥቂት አባወራ እየሰገሰጉ ማስፈር። መምህራንን ለምዝገባና ለቅበላ አሰማሩን። የሸካ ገበሬ ከእንሰቱና ከማሩ ከፍሎ እንዲቀበል ታዘዘ፤ አልከፋም፣ ግን ማን ጠየቀው? ሰፋሪው ደግሞ ጤፍ የለመደ ሰው ነው፤ ቆጮ ሲቀርብለት አገላብጦ ያየዋል። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ጫካችን ውስጥ ሰማይ ሲያጣ ይጨነቃል። አንዲት እናት «እዚህ አገር አድማስ የለውም?» ብላ ጠይቃኛለች። በሽታም ነበር፤ የቀበርናቸው ልጆች አሉ። እሱን በዝርዝር አልጽፈውም።

ከመሐላቸው አንድ አዝማሪ ነበር። ማሲንቆውን መንገድ ላይ ሸጦት ይሁን ጥሎት፣ ባዶ እጁን ነው የደረሰው። ከሳምንታት በኋላ እንጨት ቀርፆ፣ ከአንድ ፈረስ ጭራ ለምኖ፣ ለገላው የሚሆን ቆዳና ሳጥን ሲያጣ፣ የእርዳታ ዘይት የሚመጣበትን ቆርቆሮ ቆርጦ ማሲንቆ ሠራ። ቆርቆሮው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆችና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ።

«መምህር፣ ምንድን ነው የሚለው ጽሑፉ?» አለኝ።

«የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ ነው ይላል።»

«አሜሪካኖቹ ማሲንቆ ልከው ነዋ!» አለና ቃኘው። ድምፁ ሻካራ ነበር። ቆዳ የሚሰጠው ልስላሴ የለውም፤ ቆርቆሮው እያንዳንዱን ምት ጥቂት ዘግይቶ ይመልሰዋል። በዕድሜዬ ከሰማሁት ማሲንቆ ሁሉ እሱን አልረሳውም። በዚያ ምሽት ሙስሊሞቹ ሰፋሪዎች ቀደም ብለው ድቤያቸውን እየመቱ መንዙማ ብለው ነበር፤ ከዚያ እሱ እሳቱ ዳር ተቀመጠና፣ ዝናቡ የሣሩን ክዳን ሲያንጠባጥበው ቀና ብሎ አይቶ እንዲህ አለ፦

ወሎ ላይ የነሣኝ፣ እዚህ ዘነበልኝ፣
ማሳዬን ትቼ ነው፣ ውሃው የመጣልኝ።

ሴቶቹ አለቀሱ። እሱ ግን ልቅሶ ላይ ሊያቆመን አልፈለገም። «ተቀበል በሉኝ እንጂ!» እያለ ስንኝ ይለምን ጀመር። አንድ የኛ ሰው፣ ማር ቆራጭ ነው፣ ጠጁን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበርና በራሱ ቋንቋ፣ በሸክኛ፣ አንድ ስንኝ ወረወረለት። አዝማሪው ቃሉን ምንም አያውቀውም። ሆኖም ሳያመነታ ተቀበለው፤ ድምፁን እንደሰማው አድርጎ፣ ግማሹን አበላሽቶ፣ ግማሹን አሳምሮ በማሲንቆው ላይ መለሰው። የሸካ ሽማግሎች በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ያበላሸው ቃል ምን ሆኖ እንደወጣ እዚህ አይጻፍም። ከዚያ ማታ በኋላ ሰፋሪ የሚለው ቃል በዚያች ቀበሌ ትንሽ ቀለለ። ሁሉም ነገር ተፈታ አልልም። የመሬት ጠብ ነበር፣ ዛሬም አለ።

በዚያው ዓመት አሜሪካኖች ስለ ረሃቡ የዘፈኑትን በአጭር ሞገድ ሰማሁ። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የደረሱት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረው፣ አገሩ ያፈራው ድምፅ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተሰብስቦ የቀረፀው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ፤ በሳተላይት ከቢሊዮን በላይ ሰው አየው ተባለ። እኔ እንግሊዝኛ ስለማውቅ ለአዝማሪው ወሬውን ላደርሰው ሄድኩ። «ስለናንተ አሜሪካ ውስጥ ተዘፈነ» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ዘፋኞቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ አርባ ከምናምን ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ተቀባዩስ ማን ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ስጽፍ በዘፈኑ ላይ መቀለዴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እህሉ ደርሷል። ሬገን የደርግ ጠላት ሆኖ ሳለ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብሎ ከማንም የበለጠ እህል የላከችው የሱ አገር ናት። ዘይቱም ስንዴውም ሰፋሪዎቹን አቆይቷቸዋል፤ ቆርቆሮው የሆነውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ወጣቶቹ ጥቁርና ነጭ አድርገው ሲከራከሩ ትዕግሥት የማጣው ለዚህ ነው። እኔ የማውቃት አሜሪካ በአንድ እጇ ከእኛ መንግሥት ጋር እየተጣላች በሌላው ዘይት የምትሰጥ ናት፤ ሁለቱም እጅ የራሷ ነው። አዝማሪው በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከብዙዎቹ ጋር ተነሥቶ ወደ ወሎ ተመለሰ። ማሲንቆውን ይዞት ነው የሄደው።

አዲስ አበባን ያየሁት በዚያ በደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር የምሽት ክበብ የገባ ሰው ወይ ቀድሞ ይወጣል ወይ ያነጋል። እኛ ከክፍለ ሀገር የመጣን መምህራን የወር ደመወዛችንን አዋጥተን ማንጋት እንመርጣለን። በሩ ይቆለፋል። ባንዱም መሄጃ የለው፣ እኛም መሄጃ የለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ሙዚቀኛው ለታዳሚ መጫወቱን ትቶ ለራሱ መጫወት ይጀምራል፤ ሳክስፎኒስቱ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር ከበሮ መቺው ይጠፋበትና ይሳሳቃሉ፤ ያንኑ ስህተት ይደጋግሙታል፣ በሦስተኛው ዘፈን ይሆናል። ይህ ካሴት ላይ አይገኝም። ጥላሁንን ደግሞ በብሔራዊ ቴአትር ከሩቅ፣ ከርካሹ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይለይም። ግን ዜማውን በጣም ሲያዘገየው፣ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማሃል፤ ባንዱም እንደሱ ይዞ ይጠብቀዋል። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሞተ ሲባል፣ ማሻ ላይ የዶሮ ወጥ ቀርቦ የበላ ሰው አላስታውስም።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። እኔ ከማንም ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ ሆቴሎች አምስትና ስድስት ሙዚቀኛ ከመክፈል አንድ ልጅ ከነማሽኑ ማቆም ረከሰላቸው። ነፋስ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ጣት ሥር ገባ። ከበሮው አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ማንንም አይጠብቅም። በ1990ዎቹ በቡና ለቀማ ወቅት ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር፤ ከተማው በነጋዴና ከበበቃ እርሻ በመጣ ሠራተኛ ጢም ብሏል። አንድ ሆቴል ውስጥ ኪቦርዲስቱ ጫጫታውን ሲያቀልጠው መብራት ጠፋ። ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ጥሩምባው፣ ሁሉም በአንድ ቃል መሐል ሞተ። ጨለማው ውስጥ የዘፋኙ ባዶ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሊያቆም ነበር፤ አንድ ቡና ጫኝ «ቀጥል ወንድሜ!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሌላውም መታ። ቤቱ ሁሉ ከበሮ ሆነ። ልጁ መብራት እስኪመጣ ዘፈነ፤ ሲመጣ ደግሞ ኪቦርዱን ከማስነሣቱ በፊት ሰዉ «ተወው!» ብሎ ጮኸበት። ባለቤቱ ግን ለማሽኑ ከፍሏልና አስከፈተው።

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ሄዶ ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ይነዳል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሥራ ሄዶ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው፤ ዳለስ ኤርፖርት ላይ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ መንገደኛ እስኪመጣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የቆየ ካሴቱን እዚህ አገር አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመለት፤ ሽማግሌው ወደ መድረክ ተመለሰ። እንግዲህ ኪቦርድን እንደዚህ ለሚይዝ ሰው ያልኩትን አነሣለሁ። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የሆቴል ባለቤቶች ነው።

ወንድሜ በየአራት ዓመቱ እየደወለ የአሜሪካን ምርጫ ያብራራልኛል። እኔም ከማሻ ሆኜ እሱን አርመዋለሁ። ኦባማ ሲመረጥ አለቀሰ፤ አልፈረድኩበትም። ሐምሌ 2007 ላይ ኦባማ አዲስ አበባ መጣ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን ወንበር መቶ ከመቶ በወሰዱ በሁለት ወሩ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ብሎ ሲጠራው፣ ያ የሂሳብ አስተማሪ ጓደኛዬ በሕይወት ቢኖር ምን ይል እንደነበር አሰብኩ። በማግስቱ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ የዕድሜ ልክ መሪዎችን ሲገሥጽ ደግሞ አጨበጨብኩ። ጥቅምት 2013 ላይ ትራምፕ ተነሥቶ ግብፅ ግድባችሁን ታፈነዳዋለች አለ። የወር ደመወዜን ለዚያ ግድብ ሰጥቻለሁ። ለወንድሜ ደውዬ ያልኩትን እሱ ዛሬም ይስቅበታል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን የሬድዮው ነገር ነው። ደርግ የአሜሪካ ድምፅን የሚያዳምጥ ሰው ይጠረጥር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው የእልቂት ሬድዮ ጋር አመሳስለው ለማፈን ዝግጅት ላይ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ፤ እኛም ያን ሰሞን ከዝናቡ በላይ የሚጮህ ጩኸት ሰማን። ሁለቱም አልጨረሱትም። መጋቢት 2017 ላይ ራሱ ባለቤቱ፣ ትራምፕ፣ በአንድ ትእዛዝ ሠራተኞቹን ቤታቸው አስቀመጠና ጣቢያው ዝም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የጊታሩ መምህር የሣለልን ሦስት ሳጥኖች መጎተት ጀመሩ ማለት ነው። ማታ በለመድኩት ሰዓት ሬድዮውን ከፍቼ የሞገዱን ሽውታ ሰማሁ። ልጄ «አባዬ፣ ዜና እኮ ስልክህ ላይ አለ» አለችኝ። አለ፤ ዜናው አለ። እኔ የፈለግሁት ግን በዚያ ሰዓት ከዚያ ሣጥን ይወጡ የነበሩትን ሰዎች ነው።

ስልክ አልጠላም። ይህን የምጽፈውም በስልክ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሉት ነገር በጥላሁን ድምፅ ያልዘፈነውን አዲስ ዘፈን ሲያዘፍነው ወጣቶቹ አሰሙኝ። ጉሮሮው ልክ ነው፤ መንቀጥቀጡም ልክ ነው። «ጋሼ፣ ይለያል?» አሉኝ። በጭፍን ቢሰጡኝ ላልለየው እችላለሁ። ግን ያ ድምፅ ማንንም አይጠብቅም፤ እኔ ትንፋሼን ብይዝ ባልይዝ ግድ የለውም። ከኪቦርዱ ከበሮ ጋር አንድ ቤት ነው ያደረው። በዚያው በ2017 ዓ.ም. በጥር ማሕሙድ አሕመድ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያደርግ በስልክ ቁርጥራጩን አየሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ራሱ በተዘረጋ ስልክ ውስጥ ነበር የሚያየው። እዚያው ቆሞ ከኔ እኩል መሆን ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

ስለ ቲክቶክ ግን የምለው ወጣቶቹንም ያስገርማቸዋል። ከካሴትና ከሬድዮ ይልቅ ለአዝማሪ ቤት የቀረበው ቲክቶክ ነው። ስድቡንና ልመናውን ትተን፣ ዘፋኙ ቀጥታ ሲገባ ተመልካቹ ስሙን ይጽፋል፣ ስንኝ ይልካል፣ ዘፋኙም ስሙን ጠርቶ ይመልስለታል። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ቀርቶ ጽጌረዳና አንበሳ የሚባል የስልክ ስጦታ መጣ፤ አንበሳው ከትልልቆቹ ነው፣ ሲላክ ያገሳል። የጎረቤቴ ልጅ ክራር ይጫወታል፤ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ስልኩን አቁሞ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ ሰዎች ይዘፍናል። ለኛ ለጎረቤቶቹ ግን ዘፍኖ አያውቅም። «ጋሼ፣ ኔትወርኩ እንዳይቋረጥ ዝም በሉልኝ» ይለናል።

ሬድዮው ዝም ከማለቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ቲክቶክ በአሜሪካ ተዘጋ። ሕጉን የፈረመው ባይደን ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ትራምፕ በማግስቱ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ነው፤ ቀድሞ ሊያዘጋው የፈለገውን አሁን እመልሰዋለሁ እያለ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጁ ያብራራሁለት እኔ ነኝ። ታቦቱ ከገባ በኋላ በረንዳው ላይ ክራሩን ይዞ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

«ጋሼ፣ የአሜሪካዎቹ አንድም ሰው አልገባም።»

«ተዘግቷል አልኩህ።»

«ታዲያ ለማን ልዝፈን?»

በረንዳው ዙሪያ ከጥምቀት የተመለሰ ሰው ቆሟል፤ ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችንም ሕዝቡን አይተው መጥተዋል። ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኑ ከስልኩ አልነቀል አለው። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ተነሥቼ «ተቀበል!» አልኩት፦

ዋሽንግተን ቢዘጋ፣ ክፍት ነው የኛ ቤት፣
ከሩቁ አንበሳ፣ ይሻላል ጎረቤት።

አልገባውም፤ ምን እንደማደርግ ግራ ተጋብቶ ክራሩን አቆመ። ደገምኩለት። በሁለተኛው ያዘው፤ ያዘውና አስረዘመው፣ አንበሳው ላይ ድምፁን አጉርምርሞ አገሳበት፣ ሕዝቡ በሳቅ አብሮት አገሳ። ከዚያ ሴቶቹ መወርወር ጀመሩ፤ አንዷ ስለ ሚዛን መንገድ፣ አንዷ ስለ ቡና ዋጋ፣ አንዷ ደግሞ ስለ ልጁ ፀጉር። ላቡ ሲወርድ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። አውርዶ አየውና «ጋሼ፣ ቴሌብር የለዎትም እንዴ?» አለኝ።

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኩ ተንጫጫ። ትራምፕ ቃል ገብቶላቸው ቲክቶክ ተከፈተ፤ ሜሪላንድ ተመለሰች። ልጁ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሮ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላቸውና በኔ ስንኝ ጀመረላቸው። ዋሽንግተንን እንዳለ ተወው፤ የጎረቤቱን ግን «ቤተሰብ» ብሎ ለውጦ ለነሱ አደረገው፤ ቤቱ ሳይመታለት አንበሳው አገሳ። የደረሰው ማን እንደሆነ አልተናገረም።